አቀዝቃዥ ጋዝና ጠጋኙ
ከደሴ እስከ ደጋን ባለው መንገድ ላይ የተመሠረተ ታሪካዊ ቅኝት

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ ባቲ የሚያመራው መንገድ ለረጅም ዘመን የአሰብ ወደብ መንገድ ነበር። ደጋን የምትገኘው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ከኋላዋ ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ አለች፤ ከባቲ ማዶ ሚሌ ሲደረስ ደግሞ መሬቱ ወደ 500 ሜትር ገደማ ይወርዳል። አንድ የጭነት መኪና ይህን ሁሉ ቁልቁለት በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ስለ ማቀዝቀዣ መሣሪያዎች ለሚያጠና ሰው እንዲህ ያለ አመቺ አካባቢ በአገራችን ብዙ አይገኝም። ደሴ ላይ ማቀዝቀዣ የሚፈለገው ለክትባት፣ ለደምና ለመድኃኒት ነው፤ ለሰው ምቾትማ ብርዱ ራሱ ይበቃል። ኮምቦልቻ ላይ ለጨርቃ ጨርቅ፣ ለቢራና ለሥጋ ነው። ከደጋን ወደ ታች ውሃና ለስላሳ ለመሸጥ፣ ወተት ለማቆየት፣ ሌሊትም እንቅልፍ ለማግኘት ነው።

ማቀዝቀዝ ለአካባቢው ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። የሸክላ እንስራ ላዩን እያላበው ውስጡ ያለውን ውሃ የሚያቀዘቅዘው፣ ውሃ ወደ ትነት ሲለወጥ ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። የኤሌክትሪክ ፍሪጅም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ልዩነቱ፣ እንስራው የተነነውን ውሃ ለአየር ይለቃል፤ ፍሪጁ ግን የተነነውን ጋዝ በኮምፕሬሰር ጨምቆ፣ በኮንደንሰር ሙቀቱን አስወጥቶ፣ መልሶ ፈሳሽ አድርጎ ይጠቀምበታል። ጋዙ ከዝጉ ቱቦ ሳይወጣ እስከ ኖረ ድረስ ማንንም አይጎዳም። የሚወጣው ወይ ቱቦው ሲበሳ፣ ወይም ጠጋኙ ሲከፍተው ነው።

ስለ ማቀዝቀዣ ሲጻፍ አዘውትሮ የሚወሳው ፈልሳፊው ወይም አምራቹ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ጠጋኙን ማዕከል ያደርጋል። የአቀዝቃዥ ጋዞች ታሪክ በቅርብ ሲታይ አደጋው ከቦታ ወደ ቦታ ሲዘዋወር የኖረበት ታሪክ ነው፤ መጀመሪያ በቤት ውስጥ ነበር፣ ቀጥሎ ወደ ሰማይ ተላከ፣ አሁን ደግሞ ተመልሶ በቤትና በጥገና ሱቅ ውስጥ ገብቷል። የጠጋኙ የሥራ ልማድ በአብዛኛው የተቀረጸው አደጋው ሰማይ ላይ በነበረበት ዘመን መሆኑ ነው የዛሬው ችግር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በተለይ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጃኮብ ፐርኪንስ የተባለው አሜሪካዊ በ1834 ለንደን ላይ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ማቀዝቀዣ የሚሠራው በኤተር ነበር፤ ኤተር ደግሞ በቀላሉ የሚቀጣጠል ፈሳሽ ነው። በ1870ዎቹ ጀርመናዊው ካርል ፎን ሊንደ ለቢራ ጠማቂዎች ሲል በአሞኒያ የሚሠራ ኮምፕሬሰር አቀረበ። አሞኒያ ብርቱ መርዝ ቢሆንም አንድ መልካም ጠባይ አለው፤ ይኸውም ከመግደሉ ብዙ አስቀድሞ በሽታው ያባርራል። ፍሪጅ በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ ወደ መኖሪያ ቤት ሲገባ ግን ሰልፈር ዳይኦክሳይድና ሜቲል ክሎራይድ ሥራ ላይ ዋሉ። ሜቲል ክሎራይድ ሽታው ደካማ ነው። በተኙበት ያፈተለከባቸው ቤተሰቦች ሳይነቁ ቀሩ፤ በ1929 ቺካጎ ከተማ ውስጥ በዚህ ምክንያት የደረሰው ሞት በጊዜው ከፍተኛ ድንጋጤ ፈጥሮ ነበር። በርሊን ላይም አንድ ቤተሰብ በፍሪጅ ጋዝ ማለቁን በጋዜጣ ያነበበው አልበርት አይንሽታይን ከወጣቱ ሊዮ ሲላርድ ጋር ሆኖ ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው፣ ስለዚህም የሚያፈስ ማያያዣ የማይኖረው ፍሪጅ ለመሥራት ብዙ ደክሟል። የባለቤትነት መብቶችም አስመዝግበውበታል፤ ሆኖም ገበያ ላይ አልዋለም።

ገበያውን የያዘው ሌላ መፍትሔ ነበር። ቶማስ ሚጅሊ የተባለው አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር በ1928 ዳይክሎሮዳይፍሎሮሜቴንን፣ ማለትም በኋላ አር-12 የተባለውን ጋዝ፣ ለማቀዝቀዣነት መረጠ። በ1930 በአሜሪካ ኬሚስቶች ማኅበር ጉባኤ ፊት ጋዙን በአፉ ስቦ ወደ ሻማ ተነፈሰበት፤ ሻማው ጠፋ፣ እሱም ደኅና ሆኖ ቆመ። አይቀጣጠልም፣ አይመርዝም ማለቱ ነበር። «ፍሪዮን» የተባለው የንግድ ስም ከዚያ ወዲህ በዓለም ሁሉ ተናኘ፤ በእኛም አገር ጠጋኞች ዘንድ ለማንኛውም አቀዝቃዥ ጋዝ መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ። ሻማውን ያጠፋው ትንፋሽ ወዴት እንደ ሄደ ያን ዕለት የጠየቀ አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ ኤር ኮንዲሽነር ጥቂት ማለት ይገባል፤ ምክንያቱም የኮምቦልቻን ታሪክ ይነካል። ዊሊስ ካሪየር በ1902 ብሩክሊን ውስጥ መሣሪያውን የነደፈው ለሰው ምቾት ሳይሆን ለአንድ ማተሚያ ቤት ነበር፤ ወረቀቱ በእርጥበት ምክንያት እየሰፋና እየጠበበ ቀለሞቹን አላገናኝ ብሎ ስለ ነበር ነው። «ኤር ኮንዲሽኒንግ» የሚለውንም ስም በ1906 ያወጣው ስቱዋርት ክሬመር የተባለ የጥጥ ፋብሪካዎች መሐንዲስ ነው። የጥጥ ክር በደረቅ አየር ይበጠሳል፤ አየሩን ማርጠብና መግራት የፈትልና የሽመና አዳራሽ ዋና ሥራ የሆነው በዚህ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ የተተከለው የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም የሚገዛለት ሕግ ይኸው ነው። እንግዲህ ኤር ኮንዲሽነርን የቅንጦት ዕቃ አድርጎ የሚያይ ሰው የተወለደበትን ቤት አላወቀም ማለት ነው።

በአንጻሩ በገጠሩ ጤና ጣቢያ የነገሠው ፍሪጅ ኮምፕሬሰርም ኤሌክትሪክም አልነበረውም። ፎን ፕላተንና ሙንተርስ የተባሉ ሁለት የስዊድን ተማሪዎች በ1922 የነደፉት፣ በእሳት ሙቀት የሚሠራው የነጭ ጋዝ ፍሪጅ ነበር። በውስጡ አሞኒያ፣ ውሃና ሃይድሮጅን በብየዳ ታሽገው ይዞራሉ። በአገራችን የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም በ1980 ሲጀመር ክትባቱን በየገጠሩ ያቆየው በአብዛኛው ይኸው ፍሪጅ ነው። ጥገናው ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር፤ ክሩን መቁረጥ፣ የጭስ ማውጫውን ጥላሸት መጥረግ፣ ሣጥኑን በውሃ ልክ አስተካክሎ ማቆም። ትንሽ ካዘነበለ አይሠራም። ቱቦውን ለመክፈት የሚደፍር ግን አልነበረም፤ ስለሆነም በጠጋኙ ላይ የሚያደርሰው አደጋ ከነጭ ጋዙ ቃጠሎ እምብዛም አያልፍም ነበር። የክትባት ፍሪጅ ሌላም ነገር አስተምሮናል። የሚፈለገው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ አብዝቶ ያቀዘቀዘ ጠጋኝ እንደ ጠቀመ ሊመስለው ይችላል፣ ዳሩ ግን እንደ ሄፓታይተስ ቢ ያለው ክትባት አንዴ ከበረደ ተበላሸ፤ መልኩም ለተራ ዓይን ብዙ አይለወጥም።

ወደ ፍሪዮን እንመለስ። ይህ ጋዝ የሰጠው የደኅንነት ስሜት በሁለት ትውልድ ጠጋኞች እጅ ላይ ልማድ ሆኖ ቀረ። ቱቦ ተቆርጦ ጋዙ ሲነፋ ማንም አይደነግጥም ነበር። ሲስተሙን ለማጠብ ራሱ ጋዙ ይለቀቅ ነበር። የፈሰሰበትን ቦታ ለማግኘት ችቦ መሰል የእሳት መፈተሻ ይቀርብና ነበልባሉ አረንጓዴ ሲሆን «እዚህ ጋ ነው» ይባል ነበር። ይህ ሁሉ ያኔም ቢሆን ፍጹም ደኅና አልነበረም። እነዚህ ጋዞች ነበልባል ሲነካቸው ተፈርክሰው የሃይድሮክሎሪክና የሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ጭስ፣ ጥቂትም ፎስጂን ይሰጣሉ፤ ፎስጂን ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለመግደያነት የዋለ ጋዝ ነው። ጋዝ የቀረበትን ቱቦ የበየደ ሁሉ ያን ጉሮሮ የሚቧጥጥ ሽታ ያውቀዋል። በጠባብ ክፍል ውስጥ በብዛት ሲለቀቅም ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉን ሞልቶ፣ ሽታ ሳይኖረው፣ ጎንበስ ብሎ የሚሠራውን ሰው ያፍናል።

ማሪዮ ሞሊናና ሼርዉድ ሮውላንድ በ1974 ክሎሪን ያለባቸው እነዚህ ጋዞች ወደ ላይኛው ከባቢ አየር ወጥተው ኦዞንን እንደሚያፈርሱ በጽሑፍ አስታወቁ። በ1985 ጆሴፍ ፋርማንና ሁለት ባልደረቦቹ በአንታርክቲካ ላይ ኦዞን በየጸደዩ እጅግ እየሳሳ መምጣቱን በመለኪያ አሳዩ። የሞንትሪያል ስምምነት መስከረም 16 ቀን 1987 ተፈረመ። ኢትዮጵያ በ1994 ተቀበለችው፤ በ2011 ደግሞ የኦዞን ንጣፍ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 716 ወጣ። ለታዳጊ አገሮች በተሰጠው ጊዜ መሠረት አር-12ና መሰሎቹ ከ2010 መግቢያ ጀምሮ ቀሩ። በኤር ኮንዲሽነር ውስጥ የለመድነው አር-22 በደረጃ እየተቀነሰ ነው፤ ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ ከመነሻው መጠን 67.5 በመቶ መቀነስ ነበረበት፣ በ2030 ደግሞ ለነባር መሣሪያዎች ጥገና ከሚፈቀደው ጥቂት በቀር ያበቃለታል።

አር-12ን የተካው አር-134ኤ ለኦዞን ደኅና ነው፤ ምድርን በማሞቅ ረገድ ግን አንድ ኪሎው በመቶ ዓመት ስሌት ከ1,400 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያላነሰ ጉዳት አለው። በኪጋሊ በ2016 የተደረገው ማሻሻያ የመጣው ስለዚህ ነው፤ አገራችን በ2019 አጽድቃዋለች። የመቀነሱ ግዴታ እየጠበቀ ሲሄድ አምራቾች ወደ ጥንቱ ተመለሱ፤ ወደ ፕሮፔን፣ ማለትም አር-290፣ እና ወደ አይሶቡቴን፣ ማለትም አር-600ኤ። በዚህ በኩል መንገድ የከፈተው በ1993 በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን ግዛት ያለ ፋብሪካ ከግሪንፒስ ጋር ተባብሮ ያወጣው የቤት ፍሪጅ ነበር። ዛሬ በገበያችን ከሚገኙት አዳዲስ ፍሪጆች ብዙዎቹ፣ በየጤና ኬላው ከሚተከሉት የፀሐይ ኃይል የክትባት ማቀዝቀዣዎችም አብዛኞቹ በአር-600ኤ የሚሠሩ ናቸው። ለሰማዩ የሚተርፍ ጉዳት የላቸውም ማለት ይቻላል። ግን ይቀጣጠላሉ።

ደጋን ላይ ካየኋቸው የጥገና ሱቆች አንዱ በግምት ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ነው። ወጣቱ ባለሙያ እጁ ቀልጣፋ፣ ብየዳውም ንጹሕ ነው። ከአንድ አዲስ ፍሪጅ ጀርባ ላይ የነበልባል ምልክት ያለባት ቢጫ ተለጣፊ ወረቀት ነበረች፤ እሱ «የኤሌክትሪክ ማስጠንቀቂያ» መስላው ነበር። የቋንቋው ጉዳይ ነው፤ ወረቀቷ ላይ ያለው ጽሑፍ እሱ በማያነበው ቋንቋ ነበር። እዚያው ቆመን ስሌቱን ሠራን። የቤት ፍሪጅ የሚይዘው አይሶቡቴን 50 ግራም ያህል ነው። አይሶቡቴን ለመቀጣጠል የሚያስፈልገው መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 43 ግራም ገደማ ነው። ሱቁ ከ20 ሜትር ኩብ በላይ ስለሚይዝ 50 ግራም ጋዝ በሙሉ ክፍሉ ውስጥ ቢበተን አይቀጣጠልም። ይሁን እንጂ ጋዙ ከአየር በእጥፍ ስለሚከብድ አይበተንም፤ ከፍሪጁ ሥር፣ ከጠረጴዛው ሥር ይተኛል። እዚያ አንድ ሜትር ኩብ ቦታ ቢሞላ በቂ ነው፤ የብየዳው ችቦ ደግሞ የተቀመጠው ወለሉ ላይ ነበር። ወጣቱ ከዚያ በኋላ ያደረገው ቀላል ነገር ነው፤ ፍሪጁን ገፍቶ ወደ ደጅ አወጣው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጋዙን ወደ ክፍት አየር በረጅም ጎማ ማስወጣት፣ በአካባቢው እሳትም ሲጋራም ብልጭ የሚል ማብሪያም አለመኖሩን ማረጋገጥ፣ ቀጥሎ ቱቦውን በናይትሮጅን ማጠብ፣ በመጨረሻም መሙያ ቱቦውን በችቦ ከማላቀቅ ይልቅ በቱቦ መቁረጫ መቁረጥ፤ የተቀጣጣይ ጋዝ ጥገና ከፍሪዮኑ የሚለየው በዋናነት በዚህ ቅደም ተከተል ነው። ለአር-22ና ለአር-134ኤ ግን ወደ አየር መልቀቅ አይገባም፤ በመሰብሰቢያ መሣሪያ ወደ ሲሊንደር ይመለሳሉ። ሁለቱን ልማዶች አንድ እጅ መያዝ አለበት። የምግብ ማብሰያ ጋዝ «ያው ቡቴን ነው» ተብሎ ወደ ፍሪጅ የሚሞላበት ጊዜ አለ፤ ያው አይደለም። እርጥበትና ሽታ ሰጪ ቅመም አለበት፣ ድብልቁም ከሲሊንደር ሲሊንደር ይለያያል። ለማቀዝቀዣ የተጣራው ጋዝ በበኩሉ ሽታ የለውም፤ ስለዚህ አፍንጫን ታምኖ መሥራት አይቻልም። ለአር-22 ተብሎ የተሠራን ኤር ኮንዲሽነር በፕሮፔን መሙላት ደግሞ ጨርሶ የማይሞከር ነው፤ ማብሪያዎቹና ሪሌዎቹ ብልጭታቸው ለተቀጣጣይ ጋዝ ታስቦ አልታሸገም፣ የሚይዘውም ጋዝ በግራም ሳይሆን በኪሎ የሚቆጠር ሊሆን ይችላል።

ስለ ናይትሮጅን አንድ ነገር ሊሰመርበት ይገባል። በየብየዳ ቤቱ ኦክስጅን አለ፤ ናይትሮጅን ግን ተፈልጎ የሚገኝ ነው። ቸኩሎ ቱቦውን በኦክስጅን ግፊት የሚፈትን ሰው ሞትን ይጠራል። በኮምፕሬሰር ውስጥ ያለው ዘይት በግፊት ውስጥ ካለ ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ያለ ክብሪት ይፈነዳል። ከአር-12 ጀምሮ እስከ አር-600ኤ ድረስ የጋዙ ዓይነት ምንም ይሁን ምን ይህ አልተለወጠም።

የከፍታው ጉዳይ በመጻሕፍት ብዙ ስለማይነገር ጥቂት ልዘግይበት። የጠጋኙ ጌጅ የሚያነበው ከአካባቢው አየር ግፊት ጋር አወዳድሮ ነው። በባሕር ዳርቻ ፍጹም ቫኪዩም 30 ኢንች ያህል ያሳያል። ኮምቦልቻ ላይ ከ24፣ ደሴ ላይ ከ22 ኢንች አያልፍም፤ ፓምፑን «ደክሟል» ብለው የጣሉትን አውቃለሁ፣ የደከመው ግን አየሩ ነው። መሙላቱም እንዲሁ ነው። አር-134ኤ በ23 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲተን በባሕር ዳርቻ ጌጁ 2 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ያሳያል፤ ደሴ ላይ ያው ሁኔታ 6 ገደማ ይነበባል። በመጽሐፉ 2 ላይ ያቆመ ሰው ጋዝ አጉድሏል ማለት ነው፤ ፍሪጁም ዕረፍት ሳያገኝ ቀንና ሌሊት ይሠራል። አር-600ኤ ደግሞ በዚያው ሙቀት ግፊቱ ከደሴም አየር ያነሰ ነው። ስለሆነም ዝቅተኛ ግፊት ባለበት በኩል ቀዳዳ ሲኖር ጋዙ ከመውጣቱ በፊት አየር ወደ ውስጥ ይገባል፤ ተቀጣጣይ ጋዝና አየር በአንድ ቱቦ ውስጥ ተገናኝተው ወደ ኮምፕሬሰር ይሄዳሉ። በሚዛን መዝኖ መሙላት ከጌጅ ንባብ የሚሻለው በተለይ በዚህ ምክንያት ነው። ግራም ደሴም ሚሌም ያው ግራም ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋው ግን ምን እንደ ያዘ የማይታወቅ መሣሪያ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰበት ወቅት የጤና ተቋማትና የፋብሪካዎች ንብረት መዘረፉና መሰባበሩ ይታወሳል። ከእንዲህ ያለ ጊዜ በኋላ ወደ ጠጋኝ የሚመጣ ዕቃ መለያ ሰሌዳው የተነቀለ፣ ቱቦው የተቆረጠ፣ ከሌላ ዕቃ በተወሰደ ኮምፕሬሰር የተጠገነ ሊሆን ይችላል። የማይታወቅ ጋዝ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ዓለም በ2011 አይቶታል። ቪየትናም ውስጥ ጥገና የተደረገላቸው የመርከብ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች አር-134ኤ የሚል ጽሑፍ ካለበት ሲሊንደር ሐሰተኛ ጋዝ ተሞልቶባቸው ነበር፤ በመፈንዳታቸው ሦስት ሠራተኞች ሞቱ፣ በልዩ ልዩ ወደቦችም በመቶ የሚቆጠሩ ኮንቴይነሮች ከሥራ ተገለሉ። ሐሰተኛው ጋዝ ምን ሆኖ ተገኘ ቢባል፣ ሜቲል ክሎራይድ፤ የቺካጎው የ1929 ጋዝ። ከኮምፕሬሰሩ አሉሚኒየም ጋር ተዋሕዶ አየር ሲነካው በራሱ የሚነድ ውሁድ ፈጥሮ ነበር። ጥቅም ላይ ከዋለ ብዙ ዘመን ስላለፈው የዛሬ ጠጋኝ ስሙን እንኳ አያውቀውም። በገበያችን የሲሊንደር ቀለምና ጽሑፍ ብቻውን ማረጋገጫ ተደርጎ መወሰዱ ከዚህ አንጻር መታየት አለበት። አንዳንድ ሐሰተኛ ድብልቅ በመጠነኛ ብልሃት ሊጋለጥ ይችላል፤ የሲሊንደሩን ሙቀትና ግፊት ለክቶ ከጋዙ ሠንጠረዥ ጋር ማስተያየት። ደሴ ላይ በጌጁ ንባብ ላይ የአየሩን ጉድለት ማስላት እንዳይረሳ።

ስለ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ባጭሩ ላውሳ። አሞኒያ በዓለም ሁሉ በቢራና በሥጋ ኢንዱስትሪ ዘንድ ከሊንደ ዘመን ጀምሮ ቦታውን አልለቀቀም፤ ለኦዞንም ለምድር ሙቀትም ጉዳት ስለሌለው እንዲያውም ክብሩ ጨምሯል። ጥቅምት 17 ቀን 2017 ካናዳ ውስጥ ፈርኒ በምትባል ትንሽ ከተማ በበረዶ ሸርተቴ ሜዳ ሦስት ሰዎች በአሞኒያ ሞተዋል። ማቀዝቀዣው ያረጀና አስቀድሞ ማፍሰሱ የታወቀ ነበር፤ ይሁንና ተመልሶ ሥራ ጀመረ። አሞኒያ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል ብያለሁ፤ ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ ማሽኑን የሚያቆም ሥልጣን ያለው ሰው ከሌለ ግን ሽታው ብቻውን አያድንም። ይህ ጉዳይ የጠጋኙ ሳይሆን የእኛ የመሐንዲሶቹ ነው።

የእኛ የሆነ ሌላም አለ። ለሆስፒታል፣ ለጤና ጣቢያ ወይም ለፋብሪካ ማቀዝቀዣ ሲገዛ ዝርዝር መግለጫውን የምንጽፈው፣ በጨረታ ሰነዱም ላይ የምንፈርመው የዚህ ማኅበር አባላት ነን። በዚያ ሰነድ ውስጥ የፍሪጁ ሊትርና የኮምፕሬሰሩ ኃይል ይጻፋል። የናይትሮጅን ሲሊንደር ከነመቆጣጠሪያው፣ ለተቀጣጣይ ጋዝ የሚሆን የፍሰት መፈተሻ፣ እስከ አንድ ግራም የሚለይ ሚዛን፣ በአማርኛ የተጻፈ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ግን አብሮ ሲጠየቅ አላየሁም። ዋጋቸው ከአንድ የክትባት ማቀዝቀዣ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው። በደሴ የወይዘሮ ስኂን ፖሊቴክኒክ ኮሌጅና በወሎ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በአንድ መንገድ ላይ፣ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት የሚገኙ ናቸው፤ ለጠጋኞች የአንድ ሳምንት ሥልጠና የሚሰጥበት ቦታ አልታጣም ማለት ነው። እስከ 2030 የቀረው ጊዜ አጭር ነው፤ በየቢሮውና በየሆቴሉ ግድግዳ ላይ ያሉት አር-22 ኤር ኮንዲሽነሮች ደግሞ አንድ በአንድ እየወረዱ፣ በምትካቸው የነበልባል ምልክት የተለጠፈባቸው እየተሰቀሉ ነው።